በቦይ ዳር በሁለት ጎማ



አንዲት እህት «መጋቢ፣ በስብከት መካከል ብስክሌት ሳታነሱ አታልፉም፤ ለመሆኑ ነገሩ ምን መንፈሳዊነት አለው?» ብላ ጠየቀችን። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ብስክሌት ብረት፣ ጎማና ካቴና ነው፤ ከዚያ በላይ አናደርገውም። ነገር ግን ከመኪና ተለይቶ፣ በገጠር፣ ወንዝን ወይም የመስኖ ቦይን እየተከተሉ ቀኑን ሙሉ መሄድ የሚባል የጉዞ ዓይነት አለ። ይህን የቀመሰ ሰው ስለ ውኃ የሚናገሩትን የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች እንደ ቀድሞው አያነብባቸውም። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚያ ነው። ስለ ካዛንቺስም ማንሳታችን አይቀርም።

እኛ የካዛንቺስ ሰዎች ነን። ስሙ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም በአሕጽሮት «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በአባቶቻችን አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በዚህ ሰፈር ብስክሌት መንዳት ለረጅም ዘመን የጸሎት ሕይወትን የሚያጠነክር ነገር ነበር። ከኡራኤል ሽቅብ ስትወጡ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሚኒባሱም ያለ ምልክት ፊታችሁ ላይ ይቆማል። ያኔ «ጌታ ሆይ» የማይል ሰው የለም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በተወሰኑ እሑዶች መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ፣ ደስታችን የአምልኮ ሰዓት ሊያስረሳን ምንም አልቀረውም። (አገራችን በብስክሌት ታሪክ የላትም ለሚሉን ወጣቶች፦ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ አበበ ቢቂላ በሮም ከመሮጡ በፊት መሆኑ ነው።)

አራት ሆነን እንነዳ ነበር። አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ ግቢ ከ40 ዓመት በላይ ኖረዋል። ሌላው ጎሚስታ የሆነ ወንድማችን ነው፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም። ሦስተኛው የውኃ ምህንድስና ይማር የነበረ የወጣቶች አገልጋይ ነው። አራተኛው ሃምሳን የተሻገረ ጉልበት ይዘን የምንከተለው እኛ ነን።

በቦይ ዳር የመንዳትን ነገር መጀመሪያ የሰማነው ከአንድ የካዛንቺስ ልጅ ነው። እርሱ ሜሪላንድ ይኖራል። ከዋሽንግተን ጆርጅታውን ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ እስከ ከምበርላንድ የሚደርስ 297 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አሮጌ ቦይ አለ። ድሮ ጀልባዎችን በዚያ ቦይ የሚጎትቱት በቅሎዎች ነበሩ፤ በቅሎዎቹ የሚረግጡት መንገድም ከውኃው ጎን ለጎን ይሄዳል። የጀልባው ሥራ በ1924 ቆመ። በኋላም ቦታው የመኪና መንገድ ሊሆን ሲታሰብ፣ ዊልያም ዳግላስ የተባሉ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በ1954 ጋዜጠኞችን አስከትለው ቦዩን በእግራቸው ተጓዙበት። በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ዛሬ በቅሎዎቹ በረገጡበት መንገድ ብስክሌተኞች ይሄዳሉ። ፈረንሳዮችም ከቱሉዝ ወደ ሜዲትራኒያን የሚወርድ 240 ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦይ አላቸው፤ በ1681 ነው ተቆፍሮ ያለቀው። ወንድማችን ፎቶ እየላከ ያስቀናን ነበር። በቅሎ የሞላባት አገር ይዘን በበቅሎ መንገድ መቅናታችን ራሱ ያስቃል።

የእኛ አገር ቦይ ጀልባ አይጎተትበትም። መስኖ ግን አለ። ተማሪው ወጣታችን ነው «ቆጋ እንሂድ» ያለው።

ቆጋ ከባሕር ዳር በአዲስ አበባ መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከመራዊ ከተማ አጠገብ ያለ ግድብ ነው። ወንዙ ወደ ግልገል አባይ ይገባል፣ ግልገል አባይም ወደ ጣና። ግድቡ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ፣ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ተደርጎ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ተሠራ። ዋናው ቦይ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው። ጎን ለጎኑም ቦዩን ለሚጠግኑና ለሚጠብቁ ሰዎች የተሠራ የጠጠር መንገድ ይሄዳል። እኛን የሳበን ይህ መንገድ ነው።

ጥር 2012 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ሄድን። ባሕር ዳር ያኔም የብስክሌት ከተማ ነበረች፤ ባጃጅ ብዙውን ቦታ ቢወስድባትም በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ነጠላቸውን አጣፍተው በብስክሌት የሚያልፉ እናቶችን አይተናል። ብስክሌት ተከራይተን፣ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረን መራዊ ወረድን።

የመጀመሪያው ግርምታችን መንገዱ ሜዳ መሆኑ ነበር። እንጦጦን ለሚያውቅ ጉልበት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወጣታችን ሲያስረዳን፣ የመስኖ ውኃ ያለ ሞተር በራሱ ክብደት ስለሚሄድ ቦዩ ዓይን በማያየው መጠን ብቻ እየዘቀዘቀ መሄድ አለበት። ከዘቀዘቀ ውኃው አፈሩን ይበላል፤ ካልዘቀዘቀ ደግሞ ይተኛል፣ ደለልም ይሞላል። ስለዚህ ቦይ አቋራጭ አይወድም። የኮረብታውን ወገብ ይዞ ይዞራል፤ ጉብታ ሲገጥመው ይጠማዘዛል። ብስክሌተኛውም አብሮ ይጠማዘዛል። ግድቡን ከጀርባችን አድርገን ከውኃው ጋር እኩል ወረድን። በግራችን የባሕር ዛፍ፣ በቀኛችን ዝቅ ብሎ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ስንዴ። የሚሰማው የጎማ ድምፅና የወፍ ድምፅ ብቻ ነው። የገጠመን ትራፊክ ከብት፣ አህያ የጫኑ ሴቶችና «ፈረንጅ!» ብለው ከጮኹ በኋላ ፊታችንን አይተው ያፈሩ ልጆች ነበሩ።

ከዋናው ቦይ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ከቅርንጫፎቹም ሌሎች፤ መጨረሻ ላይ ገበሬው በዶማ የሚከፍተው የጭቃ መስመር ይቀራል። አንድ ሰው መስመሩን በእግሩ ጭቃ ገፍቶ ሲዘጋና ወደ ቀጣዩ ሲያሳልፍ ቆመን አየን። ዘዳግም 11 ላይ እስራኤላውያን በግብፅ ምድር በእግራቸው ያጠጡ እንደ ነበር ሲነገር በኮሌጅ ብዙ ተከራክረንበታል። አንዱ በእግር የሚዞር መቅጃ ነው ይላል፣ ሌላው ሌላ። እዚያ ከቆምን በኋላ እኛ የትኛውን እንደምንመርጥ ግልጽ ነው።

መዝሙር 1ም እንዲሁ። ብዙዎቻችን ያችን ዛፍ በተፈጥሮ ወንዝ ዳር የበቀለች አድርገን ነው የምናስባት። በዕብራይስጡ ግን ውኃውን የሚገልጸው «ፔሌግ» ከመክፈል የመጣ ቃል ነው፤ ተከፍሎ የመጣ ውኃን፣ ሰው የቆፈረውን ቦይም ያመለክታል። ዛፊቱን የሚገልጸውም ቃል «ሻቱል» ነው፤ ብዙ ተርጓሚዎች እንደሚሉት ከሌላ ቦታ ተነቅላ የተተከለች ማለት ነው። ራሷ የበቀለች አይደለችም፤ ሰው አንሥቶ ያመጣት ናት። በቆጋ ገበሬዎች ጓሮ ከችግኝ ጣቢያ መጥተው የተተከሉ የአቮካዶ ችግኞችን እያየን ይህን ተነጋገርን። ያን ቀን የቃላት ጥናት ነበር።

ከቀትር በኋላ አንድ ሽማግሌ አስቆሙን። የአካባቢው የውኃ አባት ናቸው፤ በመስኖ አገር የውኃ አባት ማለት ተራ የሚያስጠብቅ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ያለ ተራው የከፈተውን የሚቀጣ ሰው ነው። «ግቡ እንጂ፣ እንግዶች» አሉን። ዓርብ ስለ ነበረ በሽሮና በጎመን አስተናገዱን። ጠላ ሲቀርብ እርስ በርስ ተያየን፤ እርሳቸው ቶሎ ገባቸውና ከት ብለው ሳቁ። «ጴንጤ ናችሁ! በሉ ውኃ አለ፣ ውኃስ ከእኛ አይጠፋም» አሉ። ቡናም ተፈላ።

ስለ ሥራቸው ጠየቅናቸው። ከባዱ ነገር ምን እንደሆነ ሲነግሩን፣ ከቦዩ ራስ ያለው ሰው ውኃ ስለሚያገኝ የቦዩን ጭራ አያስብም፤ ጭራ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ደርቆ ሲያይ ሌሊት በር ሊሰብር ይመጣል። (የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ ያገለገለ ሰው ይህን ሲሰማ ማብራሪያ አይፈልግም።) የእርሳቸው ዘመዶች መሬት ከግድቡ ውኃ ሥር መቅረቱንም ነገሩን። ሳያማርሩ፣ ሳያስውቡም ነገሩን። «ለኛ ማሳ የሚመጣው ውኃ በእነሱ ማሳ ላይ ተኝቶ ነው» አሉ። ጋሼ ያን ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምንም አልተናገሩም።

ከዚያ ወጣታችን የጠየቀው ጥያቄ ነው እስከ ዛሬ ከእኛ ጋር የቀረው። ገበሬው የሚያጠጣው ቀን ነው፤ ዋናው ቦይ ግን ሌሊትም ይፈሳል። የሌሊቱ ውኃ የት ይሄዳል? ሽማግሌው ወስደው አሳዩን። በቦዩ መንገድ ላይ የሌሊት ማጠራቀሚያ የሚባሉ ኩሬዎች ተሠርተዋል። ሰው ሲተኛ ውኃው እዚያ ይጠራቀማል፤ ጠዋት በሩ ይከፈትና ወደ ቅርንጫፎቹ ይለቀቃል። «እኛ እንተኛለን፣ ውኃው አይተኛም» አሉን። ጌታ በማርቆስ 4 ስለ ተናገረው ዘሪ፣ ተኝቶ ሲነሣ እንዴት እንደ በቀለ ስለማያውቀው ሰው አሰብን። ያን ማታ የጽሞና ጊዜያችንን በኩሬው ዳር አደረግን። ማንም ብዙ አልጸለየም፤ ዝም ብለን ተቀመጥን።

በማግስቱ ስንመለስ ጎሚስታው ወንድማችን አንድ ነገር አነሣ። ጎማው ፈንድቶ እየለጠፈ ነው፤ ብስክሌቱ ተገልብጦ መንኰራኵሩ በባዶ ይዞራል። «መጋቢ፣ ሕዝቅኤል መንኰራኵር ያየው ወንዝ ዳር አልነበረም?» አለ። ቀልዱን ነው። እኛ ግን ወሰድነው።

ሕዝቅኤል ራእዩን ያየው በኮቦር ነው። መጽሐፋችን ወንዝ ይለዋል። ብዙ ምሁራን ግን በኒፑር ከተማ አካባቢ በተገኙ የሸክላ ጽሑፎች ላይ ካለ ተመሳሳይ ስም ጋር አያይዘው፣ ከኤፍራጥስ የተቀዳ ቦይ ነው ይሉታል። እንግዲህ አስቡት፤ ከኢየሩሳሌም የተነቀሉ ሰዎች በባዕድ ሜዳ፣ ባዕድ ሰው በቆፈረው ቦይ ዳር ተቀምጠዋል። የእግዚአብሔር ዙፋን በጽዮን ነው ብለው ያምናሉ፤ ጽዮን ደግሞ ሩቅ ናት። ሕዝቅኤልም ዙፋኑን አየ። በዙፋኑ ሥር ያለው መንኰራኵር ነበረ፤ በአራቱም አቅጣጫ የሚሄድ፣ ለመዞር እንኳ የማያስፈልገው። ጎማ ያለው ዙፋን! ምርኮኞቹ ወደ ሄዱበት የሚሄድ! ይህን ከመድረክ ብዙ ጊዜ ሰብከነዋል። በጎማ ማጣበቂያ ሽታ መካከል የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ያ ጉዞ አልተደገመም። ሁለት ወር ሳይሞላ ኮቪድ ገባ። ከዚያም ጦርነት፣ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን ዘጋው። ጥር 20 ቀን 2016 በመራዊ ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሲገልጽ፣ እኛ የምናውቃት መራዊ ብስክሌት ከጣሪያ ስናወርድ ሻይ ያፈላችልን መራዊ ነበረች። ሽማግሌውን በስልክ ስንፈልጋቸው ከረምን። መስመሩ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ አይሠራም። አንድ ቀን ልጃቸው አነሣ፤ «አሉ፣ ደኅና ናቸው፤ ውኃ ሊያስከፍቱ ወርደዋል» አለን። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ተንበርክከን ነው የጸለይነው። ስለ ቆጋና መራዊ ሕዝብ እናንተም እንድትጸልዩ እንለምናችኋለን።

አሁን ወደ ሰፈራችን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። ግቢዎቹ ፈረሱ፤ ሰዎች ተነሡ። ዛሬ ከመጣችሁ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራት ተተክሏል፣ ለብስክሌት ብቻ የተከለለ መስመርም ተሠርቷል። በመንገዱ ተነድቶበታል፣ ጥሩ ነው፤ ጥሩውን ጥሩ ካላልን ሐሰተኞች እንሆናለን። የቀበና ወንዝ ዳርም እየተለወጠ ነው፤ ድሮ አፍንጫችንን ይዘን የምናልፈው ወንዝ ነበር። ግን መስመሩ ላይ የምናውቀው ሰው አናገኝም። ለሃያ ዓመት ሐሙስ ማታ በጋሼ ግቢ የነበረው የጸሎት ኅብረት፣ በር ሳይንኳኳ የሚገባበት ቤት፣ ከነበሩት ዐሥራ አንድ ቤተሰቦች አብዛኞቹ ገላን ጉራ ናቸው፤ ሌሎቹ ዘመድ ጋ፣ ኪራይ ፍለጋ። ጎሚስታው ወንድማችን መሥሪያ ቦታው አብሮ ፈረሰ፤ አሁን በሌላ ሰፈር ተቀጥሮ ይሠራል።

ጋሼ ከተነሡ በኋላ ለሦስት ወር ያህል ቤተ ክርስቲያን አልመጡም። ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ በእርሳቸው ዕድሜ ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱ ግን ታክሲው ብቻ አልነበረም። ከወጣታችን ጋር ሄድን። ቤቱ አዲስ ነው፤ ውኃና መብራት አለው። ብስክሌታቸው በረንዳው ላይ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። ሻይ ተጠጣ። ወጣታችን ከቅንነቱ የመዝሙር 1ን ነገር አነሣ። «ጋሼ፣ ቆጋ ያየነውን ያስታውሳሉ? ሻቱል፤ ተነቅላ የተተከለችው ዛፍ።»

ጋሼ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣» አሉት፣ «ችግኝ እኮ ሲነቀል አፈሩን ይዞ ነው። ከነአፈሩ በላስቲክ ነው የሚሄደው። የኔ አፈር የታለ?»

ለዚህ ጥያቄ ጥቅስ አልፈለግንለትም። ሕዝቅኤል በኮቦር ዳር ወደ ምርኮኞቹ ሲመጣ የመጀመሪያ ሥራው መስበክ እንዳልነበረ፣ በመካከላቸው ሰባት ቀን በድንጋጤ ተቀምጦ እንደ ነበር በምዕራፍ 3 ተጽፏል። እኛም አንድ ከሰዓት ተቀመጥን። ወጥተን ሕንፃዎቹን ስንዞር ግን ያ ግቢ ራሱ በአራት ፎቆች ላይ ተበትኖ አገኘነው። የሽሮ ነጋዴዋ እናታችን ሁለተኛ ብሎክ ናት። የመዘምራን መሪ የነበረው ወንድም ሦስት ሕንፃ አልፎ ነው፤ ጋሼ እዚያ መኖሩን አላወቁም ነበር። እርሱም የጋሼን አላወቀም። አንድ መንደር ይኖራሉ፤ ለመገናኘት ግን የካዛንቺስ በር የላቸውም።

ስለዚህ የሐሙሱ ኅብረት ወደ ገላን ጉራ ሄዷል። ከካዛንቺስ የቀረነው ነን የምንሄደው እንጂ እነርሱ አይመጡም፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በዚህ ላይ ሁለት ስብሰባ ተከራክረዋል። አንዳንዱ «ሁለት ምእመን ሆነን ቀርተን እንዴት ሌላ ኅብረት እንከፍታለን» አለ። የቦዩን ራስና ጭራ ነገር አነሣንላቸው። ገብቷቸው ይሁን ሰልችቷቸው ፈቀዱ። የመጀመሪያው ሐሙስ ስድስት ሰው ነበር፤ አራተኛው ላይ ወንበር አነሰ፣ የሽሮ ነጋዴዋ እናታችን ከጎረቤት በርጩማ ለምነው አመጡ፤ ጎረቤቷም በርጩማዋን ተከትላ መጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከሲኖትራኮቹ በፊት፣ በ12 ሰዓት፣ በካዛንቺሱ አዲስ መስመር እንነዳለን። ብስክሌት ያላችሁ ኑ፤ የሌላችሁ በእግር ኑ። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ መጡ። ብስክሌታቸውን ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስረው፣ ልክ እንደ መራዊው። ረዳቱ ለብስክሌቱም ሂሳብ ተቀብሏቸዋል፤ «መንገድ ሙሉ ተጣላሁት» አሉን ሲያወርዱ፣ ላስቲኩን እየፈቱ፣ ጎማዋን በአውራ ጣታቸው እየጫኑ።